ጠጠሩ ሄዶ ጉድጓዱ ሲቀር፦ የዳላስ የጠጠር ማውጫዎችና የውኃው ዕዳ

በደቡብ ምሥራቅ ዳላስ፣ ሉፕ 12 ከተባለው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ የትሪኒቲ ወንዝ ኦዱቦን ማዕከል የተባለ የተፈጥሮ መማሪያ ሥፍራ አለ። ተማሪዎች ከየትምህርት ቤቱ እየመጡ ወፎችን ይመለከታሉ፤ በኩሬዎቹና በረጃጅሙ ሣር መካከል በተዘረጉት መንገዶች ይመላለሳሉ። ከሚረግጡት አፈር ሥር 1.5 ሚሊዮን ቶን የሚገመት የሕንፃ ፍርስራሽ ተቀብሯል። ከፍርስራሹ በፊት በቦታው ጉድጓድ ነበር፤ ከጉድጓዱ በፊት ደግሞ ጠጠር።

የዚህ ቦታ ታሪክ ዛሬም የሚያስፈልገን፣ በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ ጠጠርና አሸዋ ማውጣቱ ስላልቆመ ነው። እንዲያውም ፍላጎቱ ጨምሯል። በ2023 የሕዝቡ ቁጥር ከ8 ሚሊዮን ያለፈው ይህ አካባቢ መንገዱም፣ ድልድዩም፣ የመኖሪያ ቤቱ መሠረትም ኮንክሪት ነው፤ የኮንክሪት አብዛኛው ክፍል ደግሞ ጠጠርና አሸዋ ነው። ጋርላንድና ሪቻርድሰን ውስጥ ለዓመታት ተከራይተው የኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የቤት ዋጋ ሲወደድባቸው ወደ ከተማው ዳርቻዎች እየወጡ ነው። የጠጠር ማውጫዎቹም ያሉት እዚያው ዳርቻዎቹ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠጠር ከባድና ርካሽ ዕቃ ነው። በጭነት መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ የማጓጓዣው ዋጋ ከራሱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ከተማ የሚሠራበትን ጠጠር ከደጁ ይፈልጋል። ለዳላስና ለፎርት ዎርዝ ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው ከፎርት ዎርዝ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ዋይዝ ካውንቲ ውስጥ፣ በብሪጅፖርትና በቺኮ ከተሞች አካባቢ በፈንጂ እየተናደ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው የትሪኒቲ ወንዝ ራሱ በበረዶ ዘመን ተሸክሞ አምጥቶ በግራና በቀኙ የደለደለው አሸዋና ጠጠር ነው። ይህ ደለል ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ የፔሮ የተፈጥሮና የሳይንስ ሙዚየምን ታሪክ ያስታውስ፤ በ2014 ከዳላስ በስተ ደቡብ፣ ኤሊስ ካውንቲ ውስጥ፣ ጠጠር ሲቆፈር የተገኘው ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል የማሞዝ አጽም ለዚያ ሙዚየም ተበርክቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ወንዝ ያስቀመጠው ጠጠር የሚገኘው ወንዝ በሚደርስበት ቦታ ነው። ለጠጠር የሚቆፍር ሰው፣ ፈለገም አልፈለገም፣ ውኃ ውስጥ ይቆፍራል።

ውኃው በሦስት መንገድ

የጠጠር ማውጫ ከውኃ ጋር የሚጋጨው በሦስት መንገድ ነው። ሦስቱ ግን እኩል ትኩረት አያገኙም።

የመጀመሪያው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ጉድጓዱ ከከርሰ ምድር ውኃ ወለል በታች ሲወርድ ውኃ ከየአቅጣጫው ይፈስበታል። ማሽኖች በደረቅ መሬት እንዲሠሩ ውኃው ያለማቋረጥ በፓምፕ መውጣት አለበት። ሆኖም ፓምፑ የሚስበው የጉድጓዱን ውኃ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለውም ወለል አብሮ ዝቅ ይላል። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ያለው ጎረቤት አንድ ቀን ቧንቧውን ሲከፍት አየር ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ የቴክሳስ ሕግ ለአንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ከዳላስ በስተ ሰሜን ዴኒሰን በምትባል ከተማ አንድ የባቡር ኩባንያ ለእንፋሎት ሞተሮቹ ጉድጓድ አስቆፍሮ በቀን 95 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ ማውጣት ሲጀምር የጎረቤቱ ጉድጓድ ደረቀ። ጎረቤቱ ከሰሰ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1904 ለባቡር ኩባንያው ፈረደ፦ ባለ መሬት ከመሬቱ ሥር ያለውን ውኃ በክፋት ወይም ለብክነት ካልሆነ በቀር የቻለውን ያህል ማውጣት ይችላል፤ የጎረቤቱ ጉድጓድ ቢደርቅም በኃላፊነት አይጠየቅም። ይህ መርሕ መቶ ሃያ ዓመት አልፎትም መሠረቱ አልተናደም። የለዘበው በየአካባቢው በተቋቋሙ የከርሰ ምድር ውኃ ጥበቃ ወረዳዎች ነው፤ ለምሳሌ ዋይዝና ፓርከር ካውንቲዎች በላይኛው ትሪኒቲ የጥበቃ ወረዳ ሥር ናቸው። ወረዳ በሌለበት ግን ጎረቤት ማስረጃውን ይዞ የሚሄድበት ቢሮ ማግኘቱ ቀላል አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ደለል ነው። ዋናው የአስተዳደር ሥራ ያለውም እዚህ ነው። ጠጠር ከመሬት ሲወጣ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ ስለሆነ መታጠብ አለበት። የታጠበበት ውኃ ቡና ከወተት ጋር የተቀላቀለ መስሎ ይወጣል። ይህ ውኃ በቀጥታ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ የወንዙን ወለል ይሸፍናል፤ የዓሣ ዕንቁላል ያፍናል፤ ብርሃን ወደ ውኃው እንዳይገባ ይከለክላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ውኃውን በኩሬዎች ውስጥ አቆይቶ ማጥለልና የጠራውን መልሶ ለማጠቢያ መጠቀም። በደንብ የሚተዳደር ማውጫ የማጠቢያ ውኃውን ደጋግሞ ስለሚያዞረው ወደ ወንዝ የሚለቀው ከሞላ ጎደል የለም።

ይሁን እንጂ ኩሬ ጊዜ ይፈልጋል። በረጋ ውኃ ውስጥ የአሥረኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የአሸዋ ቅንጣት አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ከሺህ ሚሊ ሜትር ሁለት እጅ ብቻ የምታህል የሸክላ ቅንጣት ግን ለዚያው አንድ ሜትር ከሦስት ቀን በላይ ትወስዳለች። የሰሜን ቴክሳስ አፈር ደግሞ፣ ቤቱ በበጋ ሲሰነጠቅበት ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር ነው፤ የአገራችንን መረሬ ያስታውሳል። ስለዚህ ኩሬው በስፋትም በቁጥርም ካልበዛ ወይም ቅንጣቶቹን የሚያያይዝ ኬሚካል ካልታከለበት፣ ከላይ የጠራ የሚመስለው ውኃ ደለሉን ይዞ ይወጣል።

ለሦስት ቀን የታሰበን ኩሬ ደግሞ አንድ ሌሊት ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ነሐሴ 2022 ሃያ አንደኛውና ሃያ ሁለተኛው ቀን ላይ የዳላስ–ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ230 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ መዝግቧል፤ የዓመቱን አማካይ ዝናብ ሩብ ያህል ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ወራት ደግሞ ከባድ ድርቅ ነበሩ። የዚህ አካባቢ ውኃ እንዲህ ነው፤ ወይ የለም፣ ወይ ከአቅም በላይ ነው። የማውጫውን ብቃት የሚፈትነውም ተቆጣጣሪው በፀሐይ ቀን የሚያየው ኩሬ ሳይሆን የዚያን ሌሊቱ ኩሬ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ አይወራለትም፤ ጉዳቱ ግን ረጅም ዕድሜ አለው። በወንዝ ዳር ሜዳ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ከወንዙ የሚለየው ቀጭን የአፈር ግድግዳ ብቻ ከሆነ በትልቅ ጎርፍ ጊዜ ወንዙ ግድግዳውን ሰብሮ ይገባበታል። ያን ጊዜ ወንዙ የተሸከመውን አሸዋ ጉድጓዱ ውስጥ ያራግፋል፤ ከዚያ በታች የሚወርደው የተራበ ውኃ የራሱን ዳርቻ መብላት ይጀምራል፤ ከጉድጓዱ በላይም የወንዙ ወለል ወደ ኋላ እየተቆረሰ ይሄዳል። ድልድይና የቧንቧ መስመር ያሉበት ቦታ ሲደርስ ጥገናውን የሚከፍለው ጠጠሩን የሸጠው ድርጅት አይሆንም። በሌላ በኩል እውነቱን ለመናገር፣ ከወንዙ በበቂ ርቀት የተቆፈረና በጥንቃቄ የተዘጋ ጉድጓድ የጎርፍ ውኃ መያዣና የአዕዋፍ መጠለያ ሆኖ ሊያገለግልም ይችላል። ልዩነቱ የሚወሰነው ከመቆፈሩ በፊት ነው።

ፈቃዱ ምን ይላል?

የአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ በ1972 ከጸደቀ ወዲህ ማንም ድርጅት ያለ ፈቃድ የተበከለ ውኃ ወደ ወንዝ መልቀቅ አይችልም። በቴክሳስ ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቲቱ የአካባቢ ጥራት ኮሚሽን ነው። ለጠጠር ማውጫዎች ግን ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ፈቃድ አይጻፍም። ሁሉም በአንድ አጠቃላይ የዝናብ ውኃ ፈቃድ ሥር ይመዘገባሉ፤ ድርጅቱ የብክለት መከላከያ ዕቅድ አዘጋጅቶ ማሳወቂያ ያስገባና ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚያ አንድ ቦታ የአካባቢው ሰው ተጠርቶ የሚናገርበት መድረክ በዚህ አሠራር ውስጥ የለም።

የሚለካው ነገርም ያስገርማል። የፌዴራሉ መንግሥት ለመስታወትና ለመሰል ኢንዱስትሪዎች የሚወጣ አሸዋ ከጉድጓዱ በሚለቀው ውኃ ውስጥ በአንድ ቀን ከ45 ሚሊ ግራም በላይ ደለል በሊትር እንዳይኖር ገደብ አበጅቷል። ለግንባታ የሚውለው አሸዋና ጠጠር ግን እንዲህ ያለ አገር አቀፍ የደለል ገደብ የለውም፤ ገደቡ የውኃውን አሲድነት ብቻ የሚመለከት ነው። ለዝናብ ውኃ በሊትር 100 ሚሊ ግራም የሚል መለኪያ በፌዴራሉ አጠቃላይ ፈቃድ ውስጥ ቢኖርም ይህ ማመሳከሪያ እንጂ ገደብ አይደለም፤ ያለፈ ሰው ዕቅዱን እንዲመረምርና እንዲያስተካክል ያዛል፣ ማለፉ በራሱ ግን ጥፋት ሆኖ አይቆጠርም። በብዛት የሚወጣው የግንባታ ጠጠር በብዛቱ ልክ ጥብቅ ሕግ አለማግኘቱ የሙያው ሰዎች ተላምደውት የሚያልፉት ነገር ሆኗል። ከውጭ ለሚያይ ግን ይቆጠቁጣል።

ቴክሳስ እስከ 2011 ድረስ ስንት የጠጠርና የድንጋይ ማውጫ እንዳላት እንኳ በአንድ መዝገብ አልያዘችም ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ማውጫዎች በኮሚሽኑ እንዲመዘገቡና በተወሰነ ጊዜ ልዩነት እንዲፈተሹ አዘዘ። ዛሬ የተመዘገቡት ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። በ2023 የግዛቲቱ ምክር ቤት ኮሚሽኑ በቀን ሊጥል የሚችለውን ከፍተኛ ቅጣት ከ25 ሺህ ወደ 40 ሺህ ዶላር አሳድጎታል።

አንድ ትልቅ ክፍተት ግን እንዳለ ነው። ቴክሳስ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ያወጣ ኩባንያ መሬቱን መልሶ የማስተካከል ግዴታ አለበት፤ ለዚህም አስቀድሞ የገንዘብ ዋስትና ያስይዛል። ጠጠር ያወጣ ግን በግዛት አቀፍ ሕግ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ጠጠሩ ሲያልቅ ማሽኖቹን ነቅሎ መሄድ ይችላል። የቀረው ጉድጓድ ውኃ ይሞላና ሐይቅ ይባላል። በሰሜን ቴክሳስ ከሐይቅ ፊት በዓመት የሚተነው ውኃ በላዩ ከሚዘንበው ስለሚበልጥ፣ ያ ሐይቅ ሰው ሳይጠቀምበት የከርሰ ምድሩን ውኃ ለፀሐይ የሚገብር ይሆናል።

ክፍተቱን መድፈን እንደሚቻል ማሳያው ሩቅ አይደለም። ከፎርት ዎርዝ በስተ ምዕራብ፣ በፓሎ ፒንቶና በፓርከር ካውንቲዎች የሚያልፈው የብራዞስ ወንዝ ክፍል የጆን ግሬቭስ ውብ የወንዝ መስመር ተብሎ ተሰይሟል። ጆን ግሬቭስ በ1957 በዚያ ወንዝ ላይ በታንኳ ያደረገውን ጉዞ በ1960 በመጽሐፍ ያሳተመ የቴክሳስ ደራሲ ነበር። በዚያ አካባቢ የድንጋይ ማውጫዎች ደለል ወንዙን አደፈረሰው የሚለው የነዋሪዎች ጩኸት በርትቶ በ2005 የግዛቲቱ ምክር ቤት ልዩ ሕግ አወጣ። ሕጉ በወንዙ አቅራቢያ አዲስ ማውጫ መክፈትን በእጅጉ ገደበ፤ በተፈቀደበት ቦታም የመልሶ ማቋቋሚያ ዕቅድና የገንዘብ አቅም ማረጋገጫ ጠየቀ። ከሂዩስተን በላይ ባለው የሳን ሃሲንቶ ተፋሰስም፣ በ2017 የሃርቪ አውሎ ነፋስ ጎርፍ ወንዙንና ሐይቁን በአሸዋ ከሞላው በኋላ፣ ኮሚሽኑ ለአሸዋ ማውጫዎች የተለየ ደንብ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል።

ሁለቱ ልዩ ሕጎች የተገኙት ሁለት ዓይነት ሰዎች ስለጮኹ ነው ማለት ይቻላል፦ የሚወደድ ወንዝ ያላቸው ባለ ርስቶችና ቤታቸው በጎርፍ የተወረረ የሂዩስተን ዳርቻ ነዋሪዎች። በደቡብ ዳላስ የሚያልፈው የትሪኒቲ ወንዝ እንዲህ ያለ ጠበቃ ለረጅም ጊዜ አላገኘም። በደረቁ ወራት በውስጡ የሚፈሰው አብዛኛው ውኃ ከከተሞቹ የቆሻሻ ውኃ ማጣሪያዎች የሚወጣ ነው፤ ሰውም ወንዙን የሚያውቀው በድልድይ ላይ ሲያልፍ ነው። ያው ውኃ ግን ወደ ታች ወርዶ ሊቪንግስተን ሐይቅ ገብቶ የሂዩስተን ሰዎች ይጠጡታል።

የዲፕውድ ዋጋ

ወደ ኦዱቦን ማዕከሉ ቦታ እንመለስ። በዲፕውድ መንደር አጠገብ ጠጠር የወጣበት ጉድጓድ ክፍት ቀረ። ክፍት ጉድጓድ ደግሞ በከተማ ዳር ረጅም ጊዜ ባዶ አይቀመጥም። የጭነት መኪናዎች የፈረሱ ቤቶችን ፍርስራሽ ማምጣት ጀመሩ። የአካባቢው ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ለዓመታት ለከተማው አቤት አሉ። በ1997 መጀመሪያ የቆሻሻው ክምር ተቀጣጥሎ ለሳምንታት ጨሰ። ነዋሪዎቹ የዳላስን ከተማ ራሱን ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ የከተማው የራሱ ሥራ ተቋራጮች ያፈረሷቸው ሕንፃዎች ፍርስራሽም እዚያ ተደፍቶ ነበርና። ፍርድ ቤቱ ከተማው እንዲያጸዳ አዘዘ፤ የአምስተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2001 ትእዛዙን አጸና።

የነዋሪዎቹ ሁለተኛ ክርክር ግን አልቀናም። ከተማው ቸል ያለን በዘራችን ምክንያት ነው፣ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግም ተጥሷል ብለው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 ሕጉ የሚመለከተው የቤት ሽያጭንና ኪራይን እንጂ በቤቱ አጠገብ የተከመረ ቆሻሻን አይደለም ሲል አሰናበተው። ፍርስራሹ በቦታው ተከማችቶ በአፈር ተከደነ፤ በ2008 ማዕከሉ ተከፈተ፤ 2,400 ሄክታር ያህል ስፋት ላለው ታላቁ የትሪኒቲ ደን መግቢያ በርም ሆነ።

ውጤቱ ያምራል። ሆኖም ሒሳቡን ስናሰላ፣ ጠጠሩን የሸጠ ትርፉን ይዞ ሄደ፤ ፍርስራሽ የደፋም እንዲሁ። ጭሱን የተነፈሱት ነዋሪዎች፣ ጽዳቱን የከፈሉት ግብር ከፋዮች ናቸው። ቁፋሮው ሲፈቀድ የመዝጊያው ገንዘብ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የፍርድ ቤት ዓመት ባላስፈለገ ነበር።

ይህን የሚያነብ የአዲስ አበባ ልጅ ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም። ጠጠርና ድንጋይ የወጣባቸው ካባዎች በክረምት ውኃ ሞልተው ልጆች የሚሰጥሙባቸው ሥፍራዎች መሆናቸውን የከተማዋ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር መሥሪያ ቤት በየክረምቱ ያስጠነቅቃል። የቆሻሻ ክምር በድሆች ቤት አጠገብ ምን እንደሚያደርግም በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በቆሼ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብረን አይተናል። በወረቀት ላይ የኢትዮጵያ ሕግ ከቴክሳስ የተሻለ የሚልበት ቦታ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅና በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ ይጥላሉ፤ የግንባታ ማዕድናትን ፈቃድ የሚሰጡትም በአብዛኛው ክልሎች ናቸው። በሥራ ላይ ግን አካፋና ገልባጭ መኪና ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርደውን ሰው የሚቆጣጠር አካል ብዙ ጊዜ አይታይም።

ጣና ጥሩ ምሳሌ ነው። በሐይቁ ውስጥ ብቻ የሚገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት ማብቂያ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው። ለግንባታ ተብሎ ከነዚህ ወንዞች ጠጠርና አሸዋ ሲዛቅ የሚወሰደው የዓሣው ማዋለጃ ነው። በዳላስ ጠጠር ከጥንት ደለል ስለሚወጣ ወንዙ ለጊዜው ሊተርፍ ይችላል፤ በርብና በጉማራ ግን የሚዛቀው ወንዙ ራሱ ነው።

ቤት ለሚገዛ ሰው

በቴክሳስ ከተሞች መሬትን ለምን አገልግሎት እንደሚውል የመወሰን ሥልጣን አላቸው። በከተማ ወሰን ውስጥ ጠጠር ለማውጣት የሚፈልግ ድርጅት ጎረቤቶች በሚሰሙበት ስብሰባ ልዩ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ካውንቲዎች ግን ይህ አጠቃላይ ሥልጣን የላቸውም። ከከተማ ወሰን ውጭ ያለ፣ ዋጋው የቀነሰ፣ ግቢው የሰፋ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሜዳ በሚቀጥለው ዓመት ጉድጓድ እንዳይሆን የሚከለክልለት የመሬት አጠቃቀም ሕግ አይኖርም።

ኮሚሽኑ ለአንዳንድ ፈቃዶች የሚያወጣው ማስታወቂያ ከእንግሊዝኛ ሌላ በምን ቋንቋ እንደሚታተም የሚወስነው በአቅራቢያው ያለው የአንደኛ ወይም የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሁለት ቋንቋ ትምህርት የመስጠት ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። በሥራ ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ ስፓኒሽ ማለት ነው። አማርኛ የሚናገር ባለ ቤት ማስታወቂያው እስኪደርሰው መጠበቅ የለበትም። የተመዘገቡ ማውጫዎች ዝርዝርና አድራሻ በኮሚሽኑ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። የውል ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ያን ዝርዝር ከጎርፍ ካርታ ጋር ማስተያየት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የግል የውኃ ጉድጓድ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ቁፋሮው ሳይጀመር የውኃውን ወለል ጥልቀት አስለክቶ ቀኑን ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ኋላ ውኃው ቢሸሽ ከየት እንደሸሸ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አይገኝምና።